የሰማያዊ ሳህን ባለሟሎች

እንደዚያ ያለ ማካሮኒ ፍለጋ ያልገባሁበት ምግብ ቤት የለም። ደፍሮ የሚጠይቅ አፍ ስላልሰጠኝ መጀመሪያ የምግቡን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። ከዚያ አስተናጋጁ ፊቱን ሊያዞር ሲል ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በትሪ ተጋግሮ ላዩ የሚንኮሻኮሽ፣ እንደ ልብስ ሳሙና በአራት ማዕዘን የሚቆረጥ ማካሮኒ ይኖራቸው እንደሆነ እጠይቃለሁ። አንዱ ልጅ እግር አስተናጋጅ ሳሙና የምትለዋን ብቻ ያዘና እጅ መታጠቢያውን አሳየኝ። አመስግኜው ታጥቤ ወጣሁ።

ያ ማካሮኒ የሚሠራበት ቤት ከሰፈራችን አውቶቡስ ማቆሚያ ፊት ለፊት ነበር። ዛሬ እዚያ የስልክ ልባስ ይሸጣል። ያኔ ስምንት ጠረጴዛ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓትና ቁመታም ሰው የማያሳልፍ የወጥ ቤት በር ነበረው። አስተናጋጁ ደግሞ እንደ ስልክ እንጨት የረዘመ ሰው ነው። በቀን መቶ ጊዜ በዚያ በር ጎንበስ ሲል፣ ጎንበስ ሲል፣ በመጨረሻ ቀና ማለቱን ተወው፤ ስሙም ጎንበስ ሆኖ ቀረ። ከማካሮኒው ጋር ከንፈር የሚያቀላ ቀይ ለስላሳ ይመጣል። እሱም ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፤ የጠርሙሱን ቅርጽ እንኳ የሚያስታውስ ሰው አጥቼ ብቻዬን አስታውሰዋለሁ።

ማካሮኒውን የሚሠሩት ሴት እትዬ ቅርፊት ይባሉ ነበር። ሌላ ስም ይኑራቸው አይኑራቸው የጠየቀ የለም። ከሥር ማካሮኒ፣ ከመሐል የተፈጨ ሥጋ፣ እንደገና ማካሮኒ፣ ከላይ ወተትና ፎርማጆ ያለብሱታል። ከፉርኖው ሲወጣ ላዩ ዝናብ እንደ ጀመረው ቆርቆሮ ይንጣጣል። የትሪው ጥግ የደረሰው ሰው በሁለት ወገን ቅርፊት ስለሚያገኝ ሲበላ ከሰው ጋር አያወራም።

አባቴ ሰዓት ሠሪ ነበር። ቅዳሜ ቀትር ላይ ሱቁን ዘግቶ፣ እጄን ይዞ ወደዚያ ይወስደኛል። እናቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ቅዳሜ የምትለካቸው ሴቶች ቤቱን ይሞሉታል፤ አንድም ቀን አብራን መጥታ አታውቅም። መንገድ ላይ አባቴ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይነግረኛል። ሐኪም ደም ብዛት አለብህ፣ ጨው እንዳትነካ ብሎት ነበርና፣ የምግብ ቤቱ ነገር እዚያው ምግብ ቤት ይቅር ይለኛል። በሳምንት አንድ ቀን ሐኪሙም ዓይኑን ይጨፍናል ይላል። እኔም ምስጢር ጠባቂ ስለተባልሁ ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ።

እንግዲህ ትልቁ ነገር ሳህኑ ነበር። የቤቱ ሳህን ሁሉ ነጭ ነው። ሦስት ሰዎች ብቻ ጠርዙን ሰማያዊ ቀለም በዞረው ሳህን ይበላሉ፤ አባቴ፣ ጡረታ የወጡት ዳኛና ፎቶ አንሺው። ሦስቱም የሚቀመጡት በመስኮቱ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ነው። ማን አዘዘው፣ መቼ ተጀመረ የሚለውን የምግብ ቤቱ ባለቤትም አያውቅም፤ ሲያመሰግኑት ግን ምስጋናውን ዝም ብሎ ይቀበላል።

ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። አባቴ የግድግዳውን ሰዓት በነፃ ባበጀ በሳምንቱ ሳህኑ እንደ ተቀየረ ይናገራል። ዳኛው፣ ሰው ወንበሩን ቢለቅ ክብሩ አይለቀውም ይላሉ። ፎቶ አንሺው ደግሞ የባለቤቱን ሠርግ ያነሣው እሱ ነው፤ በሁሉም ፎቶ ላይ የሙሽራውን ሆድ ከአበባ ኋላ እንደ ደበቀለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ማን ቀድሞ ሰማያዊ ሳህን እንደ ደረሰው ግን ተስማምተው አያውቁም። ይህን ክርክር እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ በዓለም ላይ ከዚያ ሳህን በላይ ሹመት ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባቴ ሰዓቱን ባበጀበት ሳምንት ሐኪም ቤትም ሄዶ ነበር። ሁለቱን ነገር ያገናኘ ግን አልነበረም፤ ሰው የሚወደውን ምክንያት ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ከቅዳሜ ውጭ ያለው ቀን የቤት ምግብ ነው። እናቴ አንድ ድስት ትጥዳለች፣ ሦስታችንም ከዚያው እንበላለን። አባቴ አንድ ጊዜ ጎርሶ ወደ ጣሪያው ያያል። ቀጥሎ፣ የራሱን ምስጢር ረስቶ፣ ከቻልሽ ከዚያች ከምግብ ቤቷ ሴትዮ ሄደሽ ሙያ ተማሪ ይላታል። እናቴ መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች፣ እሺ አንድ ቀን እሄዳለሁ ትላለች። መርፌ በአፏ ስላለ የምትስቅ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ በምግብ ቤቱ ጓሮ አቋረጥሁ። የኋላ በሩ ላይ እናቴን አየኋት። የዳኛው ባለቤት አጠገቧ ቆመዋል። እትዬ ቅርፊት እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ይሰሟቸዋል። እናቴ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠቻቸው፤ ተከፈተና ሎሚና ቁንዶ በርበሬ ሆነ። አደራዎን እትዬ፣ እንዳይሳሳቱ አለቻቸው። ሴትየዋም ትንሿን ትሪ ላይዋን በሹካ መስቀል እያደረጉባት እንደሆነ፣ ቢሞቱም እንደማይሳሳቱ ነገሯቸው። የዳኛው ባለቤት ቀበል አድርገው፣

«የእኔው ሰውዬ ደግሞ ትናንት የቤታችንን ምግብ የእስረኛ ምግብ ነው አለኝ። ስንቱን እንደፈረደበት ያውቀዋል እኮ» አሉ።

ሦስቱም እየተደጋገፉ ሳቁ።

እኔ ከቆሻሻ በርሜሉ ኋላ ሆኜ እሰማለሁ። አባቴ ሄደሽ ተማሪ እያለ ሲያንገበግባት፣ ምስኪን እናቴ እውነትም የሰው ጓሮ ቆማ ሙያ ትለምናለች ብዬ ደመደምሁ። ሎሚው እጅ መንሻ መሆኑ ነው። ያ ትልቅ ሐዘን ነበር። ከሐዘኑ ጋር ግን አንድ ትልቅ ዕውቀት አገኘሁ፤ ለካ ትሪው ሁለት ነው። የትልልቅ ሰዎች ማካሮኒ ከትንሿ ትሪ ይወጣል፣ ምልክቱም የሹካ መስቀል ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሣኝ ነገር ይኸው ሆነ። እኔም ከትንሿ ትሪ መብላት ነበረብኝ። በመጀመሪያ በሕጉ ሄድሁ፤ ጎንበስን ሰማያዊ ሳህን እንዲያመጣልኝ ለመንሁት። የባሰ ጎንበስ ብሎ ፊቴን አየና፣

«ማሙሽ፣ ይሄ ሳህን አይለመንም። እግዜር ይጠብቅህ» አለኝ።

ቅናት ነው ብዬ ያዝሁበት። እሱ ራሱ ዕድሜ ልኩን ሲያመላልስ አንድ ቀን ሳይበላበት የቀረ ሰው፣ ለእኔ እንዴት ይመኝልኛል?

በሕግ ያልሆነውን በዘዴ ለማድረግ ወሰንሁ። አባቴ ከመብላቱ በፊት እጁን የሚታጠበው እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። የሰዓት ዘይት ጥፍሩ ሥር ስለሚገባ በኪሱ የጥርስ ብሩሽ ይዞ ይዞራል፤ ጣት በጣት እየፈተገ አሥር ደቂቃ ይቆያል። በዚያ ቅዳሜ ዳኛውና ፎቶ አንሺው ገና አልመጡም ነበር። ጎንበስ የአባቴን ሰማያዊ ሳህንና የእኔን ነጭ ሳህን አስቀምጦ ተመለሰ። ሳህኑን ብለውጥ እንደሚታወቅብኝ ስላወቅሁ ማካሮኒውን ለወጥሁ። መስቀል ያለበትን ቁራጭ በሹካና በጣቴ አንሥቼ ወደ እኔ፣ መስቀል የሌለውን ወደ አባቴ። አንድ የማካሮኒ ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች፤ እሷን ዋጥሁና እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ጨዋ ልጅ ተቀመጥሁ።

አባቴ ተመልሶ ሲቀመጥ ሁለቱ ሰዎችም ደርሰው ወንበር ሳቡ። እኔ ማንንም አልጠበቅሁም፤ የባለሟሎቹን ማካሮኒ ጎረስሁ።

የቤታችንን ምግብ ይላል።

እንደገና ጎረስሁ። ሎሚው፣ ቁንዶ በርበሬው፣ ሌላው ሁሉ የእናቴ ረቡዕ ማታ ነው። ደነገጥሁ፣ ቀጥሎም ኩራት ወረረኝ። እናቴ ሙያውን ተምራ ጨርሳለች ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ የትልልቅ ሰዎችን ምግብ ስታበላን ከርማ አባቴ አላወቀላትም። ይህን እንዴት እንደምነግረው ሳወጣ ሳወርድ ቀና ብዬ አየሁት።

አባቴ ማኘክ አቁሟል። ዓይኑ ፈጦ፣ ጉንጩ እንደ ሞላ ቀርቷል። ዋጠ። ሌላ ጎረሰ፣ እሱንም ዋጠ። ከዚያ ሹካውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ጎንበስን ጠራው። ጨው ነው፣ ጨው ብቻ ነው፣ የሴትየዋ እጅ ምን ነካው አለ። ጎንበስ ሳህኑን አየ፣ አባቴን አየ፣ ፊቱ እንደ ጠረጴዛው ልብስ ነጣ።

ዳኛው፣ ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም ብለው ከአባቴ ሳህን አንድ ሹካ ቀመሱ።  ማስረጃ በሚገባ መመርመር አለበት ብለው ሁለተኛ ቀመሱ። ሦስተኛውን ያለ ምክንያት በሉት። አራተኛውን ሲያነሡ ፎቶ አንሺው፣

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለና እሱም ሹካውን ሰደደ።

ዳኛው አፋቸውን ጠርገው፣ እውነት ነው፣ ጨው በዝቶበታል ብለው ፈረዱ። ሳህኑ ግን ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ባለቤቱ ሆዱን አስቀድሞ መጣ። ለካስ ስድስት ወር ሙሉ የሚስቱን ወንድም ወጥ ቤት ለማስገባት ሰበብ ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው። የተከበረ ደንበኛዬ ከተበደለ ሌላ ምን እጠብቃለሁ ብሎ እትዬ ቅርፊትን አስጠራቸው። ከዚያ በር ሲወጡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለእሳቸው በሩ ልክ ነው። የአባቴን ሳህን አዩ፤ መስቀል የለውም። ዓይናቸው ጠረጴዛውን ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። በነጭ ሳህኔ ላይ የሹካው መስቀል ያለበት አንድ የቅርፊት ጠርዝ ቀርቶ ነበር። 

«ስህተቱ የእኔ ነው» አሉ እትዬ ቅርፊት።

ባለቤቱም ሽርጡን ይፍቱ አላቸው። ሴትየዋ እጃቸውን ወደ ኋላቸው ሰድደው ቋጠሮውን መፈለግ ጀመሩ። የዚያን ዕለት ጥፋቱን ለምን በራሳቸው ላይ እንዳደረጉ ያወቅሁ መስሎኝ ነበር፤ ለእናቴ ሙያ መስጠታቸው እንዳይታወቅባቸው ነው ብዬ። የሦስት ሚስቶችን ምስጢር፣ የአንድ ልጅንም ጥፋት ጨምረው እንደ ተሸከሙ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ቢሆንም እንጀራቸው በእኔ ምክንያት እየተቆረጠ እንደሆነ ለማወቅ የስምንት ዓመት ልጅ መሆን በቂ ነበር። ተነሥቼ ሮጥሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ አንዲት ሴት ወንበር ላይ አቁማ የቀሚሷን ጫፍ በመርፌ ትይዛለች። የአባዬን ማካሮኒ ወሰድሁበት፣ የእኔን በላ፣ እትዬ ቅርፊት ሊባረሩ ነው፣ ሙያውን መማርሽን ለማንም አልናገርም አልኋት፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ያልገባት የመጨረሻው ብቻ ይመስለኛል። ሴትየዋን እዚያው ወንበር ላይ አቁማት፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጣች። ስከተላት ሴትየዋ፣ እኔስ እንዴት ልውረድ ስትል እሰማለሁ።

እናቴ በፊት ለፊት በር ገባች። ወደ ባለቤቱም ወደ እትዬ ቅርፊትም አላየችም። አባቴ አጠገብ ቆማ የእጁን አንጓ ያዘች። በሰው ፊት እጁን መያዟ እኔን አሳፈረኝ፤ የደም ሥሩን ምት እየቆጠረች እንደሆነ ምን አውቄ።

«ስንት በላህ?» አለችው።

«አንድ ሁለት ጉርሻ።»

«የቀረው የት ሄደ?»

ፎቶ አንሺው በአገጩ ወደ ዳኛው ጠቆመ። ዳኛው ውጭ የሚያልፍ አውቶቡስ በጥሞና ይመለከቱ ነበር።

እናቴ ትንፋሿን ለቀቀች። ከዚያ ለባለቤቱ፣ ሴትየዋ ምንም ስህተት እንዳልሠሩ፣ በሁለት ትሪ እየጋገሩ፣ ትንሿን ጨው ሳያስነኩ፣ ሰማያዊ ሳህን ላይ እያደረጉ ሁለት ዓመት እንደ ሠሩ፣ የለመኗቸውም የእነዚህ ሰዎች ሚስቶች እንደሆኑ ነገረችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ግን ስምንቱም ጠረጴዛ መብላት አቁሞ ነበር።

«ቅዳሜ ቅዳሜ?» አለ አባቴ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ።»

«ያ ሁሉ ጣዕም?»

«ሎሚ ነው። ከራስህ ጓሮ የተለቀመ ሎሚ።»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የእሳቸውስ ሳህን እንዴት እንደሆነ ጠየቁ። እናቴ፣ እሱን ባለቤትዎን ይጠይቁ አለቻቸው። ፎቶ አንሺው ደግሞ የራሱን ሳህን ትንሽ ገፋ አድርጎ፣ ፎቶ ሊያነሣው እንደፈለገ ሁሉ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው።

አባቴ ግንባሩን ሲያሽ ቆየ። ሁለት ዓመት ሙሉ በቤቱ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ያ ሁሉ ንግግሩ በሰፈር ፊት ተመልሶ እላዩ ላይ እየወደቀበት ነበር። ሳቅ የጀመረ ጠረጴዛም አልጠፋም። ዝም ብሎ ቢወጣ ማንም አይፈርድበትም፤ ባለቤቱም የሚስቱን ወንድም ያስገባል። ባለቤቱ ደግሞ ይህን አውቆ፣ ነገሩ ምንም ቢሆን ሳያስፈቅዱኝ ነው የሠሩት እያለ ነበር። እትዬ ቅርፊት ቋጠሮውን አገኙት። ሲፈታ አየሁት።

«ሽርጡን መልሰው ይሰሩት» አለ አባቴ። ተነሣና ለባለቤቱ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ። «እኔ በሽተኛ ነኝ። ሐኪም የከለከለኝን እዚህ ተደብቄ ስበላ የነበርሁ ሰው ነኝ። እኚህ ሴት ናቸው በሕይወት ያቆዩኝ። እሳቸው ከወጡ እኔም ወጣሁ።»

«ይግባኝ የለውም» አሉ ዳኛው ከአውቶቡሱ ሳይመለሱ።

ሽርጡ ታሰረ። ጎንበስ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ለአንድ አፍታ ቀና አለ።

ያ ምግብ ቤት ከዚህ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ሕንጻው ፈረሰ፤ እትዬ ቅርፊትም ወደ ልጃቸው ሄዱ ተባለ። አንድ ጊዜ እናቴን ለምን ሁለት ድስት እንዳልጣደች፣ ለእኔና ለእሷ ጨው ያለው ለብቻ ለምን እንዳልሠራችልን ጠየቅኋት። አባትህ ክዳን የማይከፍት ይመስልሃል አለችኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሳይገባኝ ቢቀር ደስ ባለኝ። ስድስት ቀን አልጫ በልቶ በሰባተኛው ጨው የቀመሰ ልጅ የልብስ ሳሙናውንም ቢሰጡት ዕድሜ ልኩን ይናፍቀዋል። ምናልባት እትዬ ቅርፊት እንደማንም ሰው ነበር የሚሠሩት። ይህን አውቄም ምግብ ቤት በገባሁ ቁጥር እጠይቃለሁ።

ሽርጡ በታሰረ በሳምንቱ ቅዳሜ አባቴ ሱቁን ዘግቶ ቤት መጣ። እናቴ የምትለካቸውን ሴቶች ለሰኞ ቀጠረቻቸው። ሦስታችን ወደ ምግብ ቤቱ ሄድን። ዳኛውና ፎቶ አንሺው ቀድመውን ተቀምጠው ነበር፤ ለእናቴ ተነሡላት፣ መስኮቱ ጋ ያለውን ወንበር ሰጧት። ጎንበስ ወንዶቹን ምን እንደሚያመጣላቸው ለመጠየቅ ፈርቶ ቆመ። አባቴ ያንኑ አምጣ አለው። ዳኛውም ያንኑ አሉ፤ አክለውም ሳህኑ እንዳይቀየር፣ ወዲያ ማዶ ያሉት ሰዎች ገና አልሰሙም አሉ።

«እትዬስ?» አለ ጎንበስ ወደ እናቴ ዞሮ።

«ለእኔ ከትልቁ ትሪ» አለች። «ጥጉን።»

መጣላት። በሹካዋ ጀርባ ቅርፊቱን መታ መታ አድርጋ ድምፁን ሰማች። ቆረሰች፣ ጎረሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በኋላ እኛ እንዳለንም ረሳችን። ቀስ ብላ፣ ምንም ሳታወራ፣ ቅርፊቱን ለብቻው፣ ሥጋውን ለብቻው በላች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር ያንኑ አልጫ ስትበላ የኖረች ሴት መሆኗ ያን ዕለት ነው በጠረጴዛው ዙሪያ ላለነው ሁሉ አንድ ላይ የታየን። ሦስቱም ባለሟሎች ሹካቸውን እንደያዙ ያዩዋታል። የማንም ምግብ አልተነካም።

«ጣፈጠሽ?» አለ አባቴ በመጨረሻ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

አፏ ሞልቶ ነበር። ጠብቁኝ እንደማለት አንድ ጣቷን አነሣች።

ጠበቅናት።